ሚዛኑን የሚነካ እጅ፦ ጎጂ የፖለቲካ አመራር በምን ይታወቃል፣ በምንስ ይለካል?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል የጥንቱ ብሂል። የክሱን ነገር ለሕግ አዋቂዎች እተወዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከብሂሉ ጋር ሳይነገር የተላለፈልን ሌላ ሐሳብ ነው፤ ንጉሥ አይመዘንም የሚለው። ስለ አንድ መሪ ክርክር ሲነሳ አንዱ ወገን የተሠራውን መንገድና ድልድይ ይቆጥራል፤ ሌላው የታሰረውንና የሞተውን። ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ። ነገር ግን አንዱ በክንድ፣ ሌላው በሚዛን ስለሚለካ ክርክሩ እስከ ንጋት ቢዘልቅም አይገናኙም። በመጨረሻ የሚረታው ድምፁ የጎላው ነው።

ጎጂ አመራርን መለካት ግን ይቻላል። ልኬቱ ከግምት ነጻ አይሆንም፤ ቢሆንም ለዚሁ ሥራ የተፈለሰፉ መንገዶች አሉ፣ የአንዳንዶቹም ብልሃት ያስገርማል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ሦስት ዓይነት መሪዎችን እንለይ። የማልወደው መሪ አለ፤ ንግግሩ፣ ወገኑ ወይም ፖሊሲው የማይጥመኝ። ለእርሱ መድኃኒቱ የምርጫ ካርድ ነው። ያልተሳካለት መሪ አለ፤ ድርቅ የመታው፣ የዓለም ገበያ የከዳው። የሚጎዳ መሪም አለ። ይህ ሦስተኛው ከሁለቱ የሚለየው በአንዲት ሐረግ ነው፤ «ያለ እርሱ ባልደረሰ ነበር»። በሥልጣኑ ያደረገው፣ ወይም እየተነገረው ያላደረገው ነገር፣ በሌላ ሰው እጅ ቢሆን ኖሮ የማይደርስ ጉዳት አድርሷል ማለት ነው። መለካት የሚባለው ሥራ በሙሉ የሚያርፈው በዚህች ሐረግ ላይ ነው።

ብዙዎች ግን ከዚህ ይልቅ የመሪውን አእምሮ መመርመር ይቀላቸዋል። እብድ ነው፣ ራሱን አምላኪ ነው ይባላል። ይህ መንገድ ምን ያህል እንደሚያሳስት አሜሪካኖች በ1964 ዓ.ም. አይተውታል። ባሪ ጎልድዋተር ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ አንድ መጽሔት ለ12,356 የአእምሮ ሐኪሞች መጠይቅ ላከ። ከመለሱት 2,417 ሐኪሞች ውስጥ 1,189ኙ «ለሥልጣኑ ብቁ አይደሉም» አሉ፤ ያለ አንዳች ምርመራ፣ ከሩቅ ሆነው። ጎልድዋተር ከሰሱ፣ ረቱም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973 ዓ.ም. አባላቱ በአካል ስላልመረመሩት የአደባባይ ሰው የሙያ ፍርድ እንዳይሰጡ የሚከለክል የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ። እኔ ደግሞ ሌላ ቅሬታ አለኝ። «እብድ ነው» የሚለው ቃል ፈራሚውን፣ አጨብጫቢውንና ዝም ባዩን ሁሉ ከተጠያቂነት ነጻ ያወጣል። አንድ እብድ ብቻውን አገር አያፈርስም፤ ፈረስ የሚጭንለት ያስፈልገዋል።

ይልቅ ተግባርን መመደብ ይሻላል። ባርባራ ኬለርማን የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በ2004 ዓ.ም. መጥፎ አመራርን በሰባት ከፍለውታል። ብቃት የሌለው፣ ግትር የሆነና ራሱን መግዛት የተሳነው ሥራ የማያውቁ መሪዎች ናቸው። ርኅራኄ የለሹ፣ ሙሰኛው፣ ከራሱ ወገን ውጭ ላለው ደንታ የሌለውና ጨካኙ ደግሞ ሥነ ምግባር የጎደላቸው። ሕዝብ ሙሰኛውንና ጨካኙን ለመለየት አይቸገርም። ከሰባቱ በጣም ችላ የሚባለው ግትሩ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ግትርነት ከሩቅ ሲታይ ጽናት ይመስላል።

የደቡብ አፍሪካው ታቦ ምቤኪ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በምርጫ ሥልጣን ይዘዋል፣ የተማሩና ብዙ ያነበቡ ሰው ናቸው፣ በ2008 ዓ.ም. ፓርቲያቸው ውረዱ ሲላቸውም ያለ ግርግር ወርደዋል። በአምባገነን መዝገብ የሚገቡ ሰው አይደሉም። ነገር ግን ኤድስን የሚያመጣው ኤችአይቪ ነው በሚለው የሳይንስ ድምዳሜ ላይ ጥርጣሬ ነበራቸው፤ ለፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶችም ጥሩ አመለካከት አልነበራቸውም። የጤና ሚኒስትራቸው ስለ ነጭ ሽንኩርትና ስለ ቀይ ሥር ጥቅም ይሰብኩ ነበር። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ቫይረስ የሚከላከለው መድኃኒት እንዲዳረስ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2002 ዓ.ም. መንግሥትን ማዘዝ ነበረበት።

ጉዳቱ እንዴት ተለካ? የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2008 ዓ.ም. የሠሩት ስሌት በመሠረቱ ቀላል ነው። ጎረቤቶቹ ቦትስዋናና ናሚቢያ በዚያው ዘመን መድኃኒቱን ለስንት ከመቶ ሕሙማን እንዳደረሱ ተመለከቱ። ደቡብ አፍሪካም ሊቻል በሚችለው ፍጥነት ሄዳ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ይድን እንደነበር አሰቡ። ከ2000 እስከ 2005 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከ330,000 የሚበልጥ ሕይወት እንደጠፋና 35,000 ሕፃናት ቫይረሱን ይዘው እንደተወለዱ ገመቱ፤ ግምታቸውንም ጥንቃቄ የተሞላበት፣ ዝቅ ያለ ግምት ብለውታል። በዚህ ቁጥር ላይ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን ክርክሩ መልክ አለው፤ ተቃዋሚው «በዚህ ቦታ የወሰዳችሁት ግምት በዝቷል» ብሎ ቀንሶ መልሶ ማስላት ይችላል። ከጩኸት የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ጎረቤት የማይመች ከሆነ አገሪቱን ከራሷ ጋር ማወዳደር ይቻላል። የሮማኒያው ኒኮላዬ ቻውሼስኩ የሕዝቡን ቁጥር ለማሳደግ ፈልጎ በ1966 ዓ.ም. ቁጥር 770 በተባለው አዋጅ ውርጃን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከለከለ። በቀጣዩ ዓመት የሚወለዱት ሕፃናት ቁጥር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ባለሥልጣናቱ ደስ ሳይላቸው አልቀረም። ብዙም ሳይቆይ ግን ሴቶች በድብቅ ወደሚሠራ ውርጃ ሄዱ፤ ውልደቱ እንደገና ወረደ፣ የእናቶች ሞት ግን እየወጣ ሄደ። በ1989 ዓ.ም. ከ100,000 ውልደቶች ወደ 160 የሚጠጉ እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በአውሮፓ እጅግ ከፍተኛው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቻውሼስኩ ወደቀ፤ አዲሶቹ ገዢዎች ወዲያው ከሻሯቸው ሕጎች አንዱ ይኸው አዋጅ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የእናቶች ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ሆስፒታሎቹ እነዚያው ናቸው፣ ሐኪሞቹም እነዚያው፣ ድህነቱም አልተለወጠም። የተለወጠው አንድ ወረቀት ነው። የአንድን ፊርማ ዋጋ በሰው ነፍስ እንዲህ አጥርቶ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ ብዙ አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንከር ያለ ጥያቄ ይነሳል። ለመሆኑ መሪ የሚባለው ሰው በእርግጥ ለውጥ ያመጣል ወይስ ታሪክና ኢኮኖሚ በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ? መሪ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ አገር ሲታመስ ስለሆነ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት ያስቸግራል። ቤንጃሚን ጆንስና ቤንጃሚን ኦልከን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2005 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ችግሩን በሞት ፈቱት። በሥልጣን ላይ እያሉ በሕመም ወይም በአደጋ የሞቱ 57 መሪዎችን መረጡ። ሞት የኢኮኖሚውን ወቅት አይቶ አይመጣም፤ ስለዚህ ከሞቱ በፊትና በኋላ ያለው ዕድገት ከተለያየ ልዩነቱ የሰውየው ነው ማለት ይቻላል። ልዩነት አገኙ። ልዩነቱ የጎላው ግን ሥልጣን ልጓም በሌለበት አገር ነው፤ ልጓም ባለበት መሪው ቢሞትም የዕድገቱ መንገድ ብዙም አልተናወጠም። ስለዚህ የመሪው ማንነት የሚያስጨንቀው ተቋም በሌለበት ነው። ተቋም ባለበት ደካማ መሪ እንኳ ይሻገራል።

መለኪያ ሲመረጥ የሚያታልለው ትልቁ ነገር አማካይ ነው። ሮበርት ሙጋቤ በ1980 ዓ.ም. ዚምባብዌን ሲረከቡ ያደረጉት የዕርቅ ንግግር በዓለም ተወደሰ፤ በትምህርት መስፋፋትም አገሪቱ ተመሰገነች። የብሪታንያ ንግሥት በ1994 ዓ.ም. የክብር ማዕረግ ሰጠቻቸው። ነገር ግን ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በማታቤሌላንድ በተካሄደው ጉኩራሁንዲ በተባለው ዘመቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች ተገድለው ነበር፤ ግምቶች እስከ 20,000 ይደርሳሉ። ማዕረጉ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የተነጠቀውም በ2008 ዓ.ም. ነው፤ በይፋ የተነገረው የዋጋ ግሽበት 231 ሚሊዮን በመቶ በደረሰበት ዓመት፣ ጉዳቱ ከአንድ ክልል አልፎ ሁሉን ባዳረሰ ጊዜ። በ1985 ዓ.ም. የአገሪቱን አማካይ የትምህርት ሽፋን ብቻ ያየ ሰው ሙጋቤን ከምርጥ መሪዎች ተርታ ያስቀምጣቸው ነበር። «አገሪቱ እንዴት ናት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ከሁሉ የከፋው በማን ላይ ወደቀ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ የኋለኛው ጥፋት ልምምድ የሚደረገው ብዙ ጊዜ ማንም በማያየው ጥግ ነውና።

በየዓመቱ ስለሚወጡት የአገሮች ደረጃዎች ጥቂት ልበል። የአገሮችን ነጻነት የሚመዝነው የአሜሪካው ድርጅት ፍሪደም ሃውስ ለፖለቲካ መብት 40፣ ለሲቪል ነጻነት 60፣ በድምሩ ከ100 ይሰጣል። ሙስናን የሚታገለው ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያወጣው ሰንጠረዥ ሙስናን በቀጥታ አይለካም፤ ስለ ሙስና ያለውን አስተያየት ነው የሚለካው። ስዊድን የሚገኘው ቪ ዴም የተባለው ተቋም በሺዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎችን ስለ ዲሞክራሲ ሁኔታ በመጠየቅ እስከ 1789 ዓ.ም. ድረስ ወደ ኋላ የሚሄድ መረጃ አከማችቷል፤ መልሶቻቸው ሲለያዩም አለመስማማቱን እንደ ስሕተት ልክ አድርጎ አብሮ ያወጣዋል። ይህን የመጨረሻውን ልማድ እወድለታለሁ። «ይህ ነጥብ ከዚህ እስከዚህ ሊዋልል ይችላል» የሚል መለኪያ ምንም ጥርጥር ከማይነገርበት የበለጠ ይታመናል። ደግሞም እነዚህ ሰንጠረዦች የሚመዝኑት ሥርዓትን እንጂ ሰውን አይደለም። ለሰው የተዘጋጀው የሞ ኢብራሂም ሽልማት ሲሆን፣ በሕገ መንግሥቱ በተወሰነላቸው ዘመን አገልግለው ለወረዱ የአፍሪካ መሪዎች 5 ሚሊዮን ዶላር ይሰጣል። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ተሸላሚ የታጣባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም።

መለኪያ ደግሞ ራሱ ይታመማል። መለኪያው ግብ ሲሆን መለኪያነቱ ይቀራል የሚለው ሐሳብ የብሪታንያው የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት ሕግ ተብሎ ይታወቃል። የዓለም ባንክ ለንግድ ምቹ የሆኑ አገሮችን ደረጃ የሚያወጣበትን ዘገባ በ2021 ዓ.ም. ያቋረጠው በ2018 እና በ2020 እትሞቹ መረጃ ተነካክቶ በመገኘቱ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ግን ከቀብር በኋላ የሚደረግ ምርመራ ነው። 330,000 ሰው ከሞተ በኋላ 330,000 ብሎ መጻፍ ለሟቾቹ አይደርስላቸውም። ቀድሞ ማወቅስ ይቻላል?

የሃርቫርዶቹ ስቲቨን ሌቪትስኪና ዳንኤል ዚብላት አራት ምልክቶችን ይጠቁማሉ። ፖለቲከኛው የጨዋታውን ሕግ ሲንቅ፣ ተቃዋሚውን ሕጋዊ ተፎካካሪ ሳይሆን ጠላት ሲያደርግ፣ ሁከትን ሲያባብል ወይም እያየ ሲያልፍ፣ የተቃዋሚንና የመገናኛ ብዙኃንን ነጻነት ለመገደብ ዝግጁ መሆኑን ሲያሳይ ነው። አራቱም ሰውየው ሥልጣን ሳይዝ በፊት ከንግግሩ ሊለዩ ይችላሉ፤ ጥቅማቸውም ይህ ነው። ሰዎች ግን እንዲህ ያለውን ንግግር «ለምርጫ ብሎ ነው» እያሉ ያልፉታል።

ሌሎች ሦስት ተመራማሪዎች፣ ፓዲላ፣ ሆጋንና ካይዘር፣ በ2007 ዓ.ም. ጉዳዩን በሦስት ማዕዘን አስቀመጡት። በአንዱ ማዕዘን አጥፊው መሪ፣ በሁለተኛው ተከታዮቹ፣ በሦስተኛው ደግሞ ነገሩን የሚያመቻች ጊዜ አለ፤ ሥጋት፣ ያልተረጋጋ ኑሮ፣ ልጓም አልባ ተቋም። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል እንዲሉ ነው። ተከታዮቹንም በሁለት ይከፍሏቸዋል፤ ፈርቶ ወይም ሌላ አማራጭ አጥቶ የሚታዘዝና ጥቅም አይቶ የሚተባበር። ሁለተኛው በቁጥር ትንሽ ነው፣ በሥራው ግን ትልቅ።

እነዚህን ሁሉ ካየሁ በኋላ አንድ ምልክት ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው መሪው በሚዛኑ ላይ የሚያሳርፈውን እጅ ነው። ቆጣሪውን፣ ኦዲተሩን፣ ዳኛውንና ዘጋቢውን ምን ያደርጋቸዋል? የማይጎዳ መሪም ይሳሳታል፤ ሲሳሳት ግን የሚነግረው ሰው ከቦታው አይነሳም። ምቤኪን ያስገደደው ፍርድ ቤት ስላልተዘጋ ነው መድኃኒቱ ዘግይቶም ቢሆን የደረሰው። የኢኮኖሚ ምሁሩ አማርትያ ሴንም ነጻ ፕሬስና የሚሠራ ዲሞክራሲ ባለበት አገር ትልቅ ረኀብ ደርሶ አያውቅም ሲሉ የሚናገሩት ስለዚሁ ነው።

አርጀንቲና ይህንኑ ያለ ደም ያሳየች አገር ናት። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት በብሔራዊ የስታቲስቲክስ ተቋሙ ውስጥ የዋጋ ግሽበትን የሚያሰሉትን ኃላፊ አነሣ። ከዚያ በኋላ በይፋ የሚነገረው ግሽበት በ10 በመቶ አካባቢ ሲረጋ፣ ሰዎች ከገበያ ይዘው የሚመለሱት ዕቃ ግን ሌላ ይናገር ነበር። የራሳቸውን ስሌት ያወጡ የግል አማካሪ ድርጅቶች በ2011 ዓ.ም. ተቀጡ። የተቃዋሚ የምክር ቤት አባላትም ያለመከሰስ መብታቸውን ተጠቅመው የነዚያን ድርጅቶች አማካይ በየወሩ በራሳቸው ስም ያነቡት ጀመር። አልቤርቶ ካቫሎ የተባሉ ተመራማሪ ደግሞ የሱፐርማርኬቶችን ዋጋ ከኢንተርኔት በየቀኑ እየሰበሰቡ እውነተኛው ግሽበት ከይፋዊው ከእጥፍ በላይ እንደሆነ አሳዩ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በ2013 ዓ.ም. አገሪቱን በይፋ ወቀሰ። ሉዊስ ማርቲኔዝ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪ ደግሞ በሌሊት ከሳተላይት የሚታየውን የመብራት ብርሃን መንግሥታት ከሚናገሩት ዕድገት ጋር አነጻጽረው በ2022 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ በአምባገነን ሥርዓቶች የሚነገረው ዓመታዊ ዕድገት በ35 በመቶ ገደማ የተጋነነ ነው ብለዋል። መብራት አይዋሽም፤ ቢያንስ እስካሁን።

በ1958 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቅ ዝላይ የተባለው የቻይና የኢኮኖሚ ዘመቻ ግን ደም የፈሰሰበት ነው። የየአካባቢው ካድሬዎች ማኦ የሚወደውን እያወቁ ምርቱን በወረቀት ላይ ካባዙት በኋላ የዓመቱ እህል 375 ሚሊዮን ቶን ነው ተባለ፤ እውነተኛው ወደ 200 ሚሊዮን ነበር። መንግሥት ግብሩን የሰበሰበው በወረቀቱ እህል ልክ ነው፤ የተወሰደው ግን የእውነቱ እህል ነው። በ1959 ዓ.ም. ገበሬው እየተራበ አገሪቱ ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ እህል ወደ ውጭ ልካለች። በዚያው ዓመት ሉሻን ላይ በተደረገው ጉባኤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ፔንግ ዴህዋይ ለማኦ ደብዳቤ ጽፎ ችግሩን አስታወቀ። ከሥልጣኑ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ማን ይናገራል? የሟቾቹ ግምት ከ15 ሚሊዮን እስከ 45 ሚሊዮን ይዘረጋል፤ የግምቱ ስፋት ራሱ ሚዛኑ ምን ያህል እንደተሰበረ ያሳያል።

በሶቪየት ኅብረት ስታሊን በ1934 ዓ.ም. በፓርቲው ጉባኤ ላይ የሕዝቡ ቁጥር 168 ሚሊዮን ደርሷል ብሎ ነበር። በጥር 1937 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት የሕዝብ ቆጠራ ተካሄደ። በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. የነበረው ረኀብ ሚሊዮኖችን የበላ ስለነበር ቆጣሪዎቹ ያገኙት 162 ሚሊዮን ያህል ሰው ነው። ስለ ሃይማኖት ለቀረበው ጥያቄም ከአዋቂዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አማኞች ነን ብለው መለሱ። ቆጠራው ጉድለት አለበት ተብሎ ተሰረዘ፤ ባለሙያዎቹ ታሰሩ፤ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ኢቫን ክራቫል በዚያው ዓመት ተረሸነ። በ1939 ዓ.ም. አዲስ ቆጠራ ተደርጎ 170 ሚሊዮን ተባለ። የክራቫል ሰዎች የቆጠሩት ወረቀት ግን አልተቃጠለም፤ ማኅደር ውስጥ ተቀምጦ ሶቪየት ኅብረት ልትፈርስ ስትቃረብ ወጣ። ቁጥሩ እዚያው ነበር፤ 162 ሚሊዮን።